መጀመሪያ ወረቀቱን እዩት

ይድረስ የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ለምታዝዙና ለምትሠሩ፦

ሥራችሁ የሚጀመረው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ሲስተሙን ቀኑን ሙሉ የሚገለገልበት ሠራተኛ የሚጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ለሥልጠና ብቻ ነው። ይህ ልማድ ምን እንደሚያስከፍል የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1992 አይቶታል።

ከዚያ በፊት ጥሪ ተቀባዩ አድራሻውን ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ቦታውን ከካርታ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ወረቀቱም በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ወደ መዳቢዎቹ ይሄዳል። ለአንድ አደጋ ብዙ ሰው ሲደውል መደጋገሙን የሚያስተውለው ወረቀቶቹን የሚለየው ሠራተኛ ነበር። አዝጋሚ ነው፤ ስህተትም አያጣውም። ቢሆንም አብረው የለመዱ ሠራተኞች ግራ የገባቸውን እዚያው ተጠያይቀው ይፈቱት ነበር።

ኦክቶበር 26 ቀን አምቡላንስ የሚመድበው አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም ሲጀምር ወረቀቱ ተነሳ፤ የመቀመጫው አቀማመጥም ተቀየረ። ኮምፒውተሩ በትክክል እንዲመድብ እያንዳንዱ መኪና የት እንዳለና ምን ላይ እንደሆነ ዝንፍ ሳይል ማወቅ ነበረበት። የአምቡላንስ ሠራተኞች ግን በጥድፊያ መሀል የተሳሳተ ቁልፍ ይጫናሉ፤ የተመደበላቸውን መኪና ትተው በሌላ ይወጣሉ። ለአንዱ ሕመምተኛ ሁለት መኪና ሲላክ ሌላው ለሰዓታት ጠበቀ። የማስጠንቀቂያ መልእክቶች ስክሪኑን ሞልተው የቀደሙት ከዓይን ተሰወሩ። በማግስቱ ከፊሉ ሥራ ወደ እጅ ተመለሰ፤ ኖቬምበር 4 ቀን ሲስተሙ ሲቆም ደግሞ ያ የተናቀው ወረቀት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ተረከበ።

“ሠራተኛው ለውጥ ይፈራል” የምትሉት ሰበብ እዚህ ላይ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1996 የገባው ተተኪ ሲስተም ሠራተኞቹን ከጅምሩ አሳትፎ፣ ናሙና እያሳየና እያረመ ስለተሠራ በዚያው መሥሪያ ቤት ተቀባይነት አግኝቷል።

እኛስ ጋ? ከውጭ የተቀዳ ፎርም “የቤተሰብ ስም” ይጠይቃል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ በሽተኛን የሚለየው ግን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ክፍቱን ቦታ አንዱ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ይሞላዋል፤ ለአንድ ሰውም ሁለት ካርድ ይወጣል። ካሌንደሩ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ካወቀ፣ ጳጉሜን 3 የተወለደን ሕፃን ቀን አስልቶ ማስገባት የመዝጋቢዋ ዕዳ ነው። ፕሮግራመሩ ራሱ የአባቱን ስም እየጠራ ያደገ የአገር ልጅ ሆኖ ይህን መርሳቱ ያስገርማል።

እናም ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ካርድ ክፍል ገብታችሁ አንድ ፈረቃ ሙሉ ተቀመጡ። በመዝገቡ ኅዳግ ላይ በእስክሪብቶ የተጨመረው ምልክት ለምን እንደተጨመረ ጠይቁ። የርክክቡን ሰነድም ከአለቃዋ ቀድማ መዝጋቢዋ ትፈርምበት።