ተጭኖ የማይወጣው የአሶሳ ሀብት

አዲስ አበባ ላይ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት የአንድ አሶሳዊ ሰው ስም እየጠራ መሆኑን ልብ አይለውም። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው እዚያ ቤተ መንግሥት ከነበራቸው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነው፤ ለምኒልክ ወርቅ ይገብሩ የነበሩት ሰው ስም በአዲስ አበባ ሕዝብ አፍ ሲመላለስ አጥሮ ሸጎሌ ሆነ። ከዚህ እጅግ ርቆ፣ በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ፣ «አሶሳ» የሚባል ትልቅ ጎዳና አለ። የኮንጎ ወታደሮች በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቁበት ድል በዚያ አገር እንዲህ ይታወሳል። ስሟ ይህን ያህል አገር ያካለለች ከተማ ግን ራሷ እንግዳ የራቃት ናት። የአሶሳን ሆቴሎች ደጅ የሚያንኳኳው ባመዛኙ ለስብሰባ፣ ለማዕድን ወይም ለስደተኞች ዕርዳታ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ አገር ሊያይ የመጣ ሰው ብርቅ ነው።

ነገሩ የሀብት እጦት አይደለም። ችግሩ አሶሳ ዋና ከተማው የሆነችለትን ክልል፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን፣ የምናውቀው ከውስጡ በሚወጣው ነገር መሆኑ ነው። ግብፅን ይገዛ የነበረው መሐመድ ዓሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሱዳን በኩል እስከዚህ ክልል ደጃፍ፣ እስከ ፋዞግሊ፣ ጦር ሲያዘምት ሁለት ነገር ፈልጎ ነበር፤ ወርቅና ባሪያ። ወርቁ ዛሬም በባህላዊ አውጪዎች እጅ እየታጠበ ይወጣል፤ ኩርሙክ ላይ ደግሞ የውጭ ኩባንያ ገብቶበታል። ጉባ ላይ የተገነባው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ኃይሉን በምሰሶ ላይ እየላከ ሩቅ ከተሞችን ያበራል። ማንጎው በወቅቱ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፤ መኪና ያላገኘው ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ቡናውም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የማኦና ኮሞ እና የካማሺ ኮረብቶች ከወለጋ የቡና ምድር ጋር የተያያዙ ናቸው። የዚህ የምዕራቡ ቡና በዓለም ገበያ የገነነው ግን «ለቀምት» ተብሎ ነው፤ በበቀለበት ኮረብታ ሳይሆን ነጋዴ በሰበሰበበት በነቀምት ከተማ ስም ማለት ነው። ስም ገንዘብ መሆኑን ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ ታውቃለች፤ ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ከስምምነት የደረሰችው ለዚሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ተጭኖ የማይሄድ አንድ ነገር አለ፤ ቦታው ራሱ። ገዢው በእግሩ ካልመጣ አይሸጥም፤ ሌላ ከተማ ደርሶ ሌላ ስም አይወጣለትም። በዚህ ምክንያት ጉብኝት ለዚህ ክልል ከወርቅና ከግብርና የተረፈ ጊዜ ሲገኝ የሚታሰብ ቅንጦት አይደለም እላለሁ። ትርፉ እዚያው ሊቀር የሚችልበት ብቸኛው ባይሆን እንኳ ዋነኛው ንግድ ነው። ነገር ግን «ሊቀር የሚችል» ማለት «የሚቀር» ማለት አይደለም፤ ሥራው ከየት ይጀመራል የሚለው ይወስነዋል።

አሁን ሐሳባችን ሁሉ ያለው ሐይቁ ላይ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ «ንጋት» የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለደሴት፣ ለጀልባና ለሪዞርት ይታጫል። ከጎርጎራ እስከ ሃላላ ኬላ ያየነው መንገድም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ሎጁ ይሠራል፣ አካባቢው በኋላ ይደርስበታል። ሎጅ አይሠራ አልልም። የምለው የግንባታው ዘመን ጎብኚ ያስተማረንን እንዳንረሳው ነው። በእነዚያ ዓመታት ከየመሥሪያ ቤቱና ከየክፍለ ሀገሩ ስንትና ስንት አውቶቡስ ጉባ ድረስ ሄደ! ተሳፋሪው ኮንክሪቱን አየ፣ ባንዲራ ይዞ ፎቶ ተነሣ፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ጉሙዞች መሬታቸውንና መንደራቸውን ለዚያ ውኃ የለቀቁ ሰዎች መሆናቸውን የነገረው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ግድቡን ያየ ሰው ክልሉን አላየም። የሐይቅ ዳር ሎጅም ብቻውን ከቆመ ያንኑ አውቶቡስ በአልጋ ይተካል።

ታዲያ የሚታየው ምንድን ነው? አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አልፋ በኮረብቶች መካከል ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወደ ጉባ የወረደ ሰው በአንድ ቀን ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ሐሩር ይገባል። የኮረብቶቹ ልብስ ሽመል ነው። ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት አይደለም፤ ድፍን ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ጎተራው፣ አልጋው፣ የንብ ቀፎው ከእርሱ ይሠራል፤ በክረምት የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቡቃያ ደግሞ ተቀቅሎ ይበላል። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ በጅምላ ያብብና በጅምላ ይሞታል፤ ጫካው እንደገና ከዘር ይጀምራል። ይህን የሚተርክለት ሰው ያገኘ እንግዳ ሽመሉን አይቶ አይጠግብም፤ ያላገኘ ግን በመስኮት የሚያልፍ ቁጥቋጦ ብቻ ያያል። የአካባቢው ሕዝብ በርታዎች ከቅል የሚሠሩት ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያም አላቸው፤ ስሙ በአማርኛ ጆሮ ቢያስቅም ነገሩ የዋዛ አይደለም። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው፣ ሳይቀድም ሳይዘገይ ሲነፋ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ዋዛ ነፍቶ ዘፈን ሊያሰማ አይችልም። መንጌ አካባቢ ደግሞ ለክልሉ ስም መነሻ ሆነ የሚባለው የሻንጉል ዐለት አለ። የዳቡስ ረግረግ ወፍ ለሚያውቅ ሰው ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የበርታ ቤት ገበታም አለ፤ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ፣ በእነርሱ አጠራር ከቀንቀሴ፣ ወጥ ጋር።

ሰላም የሌለበት አገር ማን ይሄዳል የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በማስታወቂያም አይመለስም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ፣ ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ፣ ከ200 በላይ ሰው ተጨፍጭፏል። ሆኖም ክልሉ 50 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። መተከል ከዓባይ ወዲያ ማዶ ነው፤ አሶሳ ወዲህ። ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ መፍራት ሁለቱንም አለማወቅ ነው። የአሶሳ ዋና ችግር ራሷ ውስጥ ካለው ይልቅ በወለጋ በኩል የሚመጣው፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ያለበት ስጋት ነው። እርሱ እስኪረጋጋ ድረስ እንግዳው በአውሮፕላን የሚመጣ ጥቂት ሰው መሆኑን መቀበል ይሻላል። ለጥቂት ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው መቶ አልጋ ሳይሆን አሥር የሠለጠነ አስጎብኚ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል። የዚህን ክልል ሰዎች መሀል አገር ለዘመናት ያየው በባሪያ ንግድና በስድብ ስም በኩል ነው፤ ዛሬም የባህል ፌስቲቫል ሲመጣ የምናወጣቸው ለጭፈራ ነው። ካሜራ የያዘ ጎብኚ ይህን አያባብሰውም ወይ? ሊያባብሰው ይችላል። በደቡብ ኦሞ ፎቶ በብር የሚሸጥበትን ልማድ አይተናል። መከላከያው ግን እንግዳውን መከልከል አይመስለኝም፤ ተራኪው ማን ይሁን የሚለውን መወሰን ነው። ዋዛውን የሚያስረዳው የነፊው ልጅ ከሆነ፣ የጉሙዙን መንደር የሚያስጎበኘው ከዚያው መንደር ለውኃው የተነሣ ሰው ከሆነ፣ እንግዳው የሚሰማው ታሪክ ሌላ ይሆናል፤ ክፍያውም የሚገባበት ኪስ ሌላ ይሆናል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ በበርታኛ፣ በጉሙዝኛና በሺናሽኛ ተናግሮ በአማርኛ የሚያስረዳ ወጣት ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልጋትም።

ሥራው አሶሳ ላይ እንኳ ባይጀመር ቅር አይለኝም። የሼህ ሆጀሌ ቤተ መንግሥት ሸጎሌ ነው፤ ከመሀል አዲስ አበባ በታክሲ የሚደረስበት። እዚያ አንድ ክፍል ተከፍቶ ዋዛው ቢሰቀል፣ የሽመል ወንበር ቢቀመጥ፣ የማኦና ኮሞ ቡና በራሱ ስም ቢፈላና ስለ ወርቁም ስለ ባሪያውም ሳይሸፋፈን የሚናገር አንድ የአሶሳ ልጅ ቢቀጠር፣ ወጪው ከአንድ ሎጅ የመኪና ማቆሚያ አይበልጥም። ያን ጊዜ ረዳቱ «ሸጎሌ!» ሲል ቢያንስ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።