መዝገብ ለነጥብ ወይስ ነጥብ ለመዝገብ?

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። ዘንድሮ ግን ተረቱ “በመዝገብ ያለ ነጥብ ያስገኛል” ተብሎ የተቀየረ ይመስላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ፕሮጀክት ተቀጥሬ ስሠራ አለቆቻችን መላ አመጡ። ቃለ ጉባኤ በወቅቱ ለጻፈ፣ ሪፖርት ላስገባ ነጥብ ይያዝለታል፤ የወሩ አንደኛ ስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰው በጨዋታ ይነቃቃልና የመጀመሪያው ወር እውነትም ሞቅ አለ። በሦስተኛው ወር ግን አንዱን ስብሰባ አምስት ቦታ ቆራርጦ አምስት ቃለ ጉባኤ የሚያስገባ ጀግና ተፈጠረ! እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ያልሄድኩበትን የመስክ ጉብኝት ጽፌ ነጥቤን ወስጃለሁ።

ይህን ያስታወሰኝ የጤናው ዘርፍ ነው። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. “የመረጃ አብዮት” አለና ጤና ተቋማትንና ወረዳዎችን በመረጃ አያያዛቸው እየመዘነ “ሞዴል” እስከማለት ደረሰ። ቀደም ሲልም 16ቱን የጤና ፓኬጆች የተገበረ “ሞዴል ቤተሰብ” ተብሎ ይመረቅ ነበር። ውድድሩ አይከፋም። ግን ማዕረጉን የሚሰጠውም፣ በማዕረጉ ብዛት የሚመሰገነውም ያው አንድ መዋቅር ከሆነ መዝገቡን ማን ይመርምረው?

እስቲ ጉራጌ ምድር፣ አታት እንሂድ። የአታት ሆስፒታል ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለው የ22 ዓመት መዝገብ ሲገለጥ 24,148 ወላዶች ተገኙ፤ 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ነበሩ። በ100,000 ሕያው ልደት ሲሰላ ከነዚህ የሞቱት 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ሆነ። እርግጥ በቀጥታ የምትመጣ ምጥ ጠንቶባት፣ ረፍዶባት ልትደርስ ትችላለችና ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም። ቢሆንም የሞተችው “ሞተች” ተብላ ባትጻፍ ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ለመልካም ቁጥር ነጥብ ከሰጡ መልካም ቁጥር ያገኛሉ፤ እውነቱን ግን አያገኙም። ጨዋታው ይቅር አልልም፣ ሕጉ ይለወጥ ነው የምለው። ጉድለቱን ቀድሞ የጻፈ ይሸለም። ነጥቡንም አለቃ ሳይሆን መዝገቡን ተረክቦ የሚሠራበት ተረኛ ይስጥ። እሱ በውሸት መዝገብ ሲሠራ በሽተኛ ይሞትበታልና አይታለልም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!