በአንድ ጥናት አይፈረድም፦ የጤና ውሳኔዎች በተሟላ ማስረጃ ላይ እንዲመሠረቱ የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ ይህን መግለጫ ያወጣው የጤና ባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ፋርማሲስቶች፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች ነን። የትኛው መድኃኒት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ይግባ፣ የትኛው ሕክምና በጤና መድን ይሸፈን፣ ጤና ጣቢያ ላይ ምን ይሰጥ፣ ምን ወደ ሆስፒታል ይላክ የሚሉት ጉዳዮች የሚወሰኑት ከታካሚው አልጋ ርቆ ነው። ውጤታቸው የሚታየው ግን እዚያው አልጋ ላይ፣ በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ውሳኔዎቹ በምን ማስረጃ ላይ እንደቆሙ መጠየቅ ሙያዊ ግዴታችን ነው።

አቋማችን ይህ ነው። የብዙ ሰዎችን ሕይወት የሚነካ የጤና ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት በጉዳዩ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ሁሉ በስልት ተፈልገው፣ ተመርምረውና ተመዝነው መቅረብ አለባቸው። የተገኘው ውጤት በእኛ ጤና ተቋማት ይሠራ እንደሆነም ለብቻው መታየት አለበት። በአንድ ምስክር እንደማይፈረድ ሁሉ፣ በአንድ ጥናትም የአገር የሕክምና መመሪያ አይጻፍም።

ስልታዊ ክለሳ ስንል

በሙያው ቋንቋ «ሲስተማቲክ ሪቪው» የሚባለው ስልታዊ የጥናቶች ክለሳ አንድ ምሁር የሚያውቃቸውን ጽሑፎች ሰብስቦ ከሚያዘጋጀው ጽሑፍ የተለየ ነው። ሕክምናው ለማን ይሰጣል፣ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ በምን ይለካል የሚለው ጥያቄ ሥራው ሳይጀመር ይጻፋል፤ ዕቅዱም እ.ኤ.አ. በ2011 እንደተከፈተው ፕሮስፔሮ ባለ መዝገብ ላይ ለሁሉም እንዲታይ ይመዘገባል። የታተመውም ያልታተመውም ጥናት ይፈለጋል። የትኛው ጥናት ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አይተው ይወስናሉ፤ የእያንዳንዱ ጥናት ድክመትም ይመዘናል። በመጨረሻ ማስረጃው ምን ያህል እንደሚያስተማምን፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ወይም በጣም ዝቅተኛ ተብሎ በግልጽ ይነገራል። የሚጠራጠር ሰው ያንኑ መንገድ ተከትሎ ሥራውን ማጣራት ይችላል። ክለሳውን የሚያስከብረውም ይኸው ነው።

ከታሪክ የተማርነው

እ.ኤ.አ. በ1972 ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች ቤታሜታዞን የተባለውን ኮርቲኮስቴሮይድ መስጠት የሕፃናቱን የመተንፈስ ችግርና ሞት እንደሚቀንስ አሳተሙ። በቀጣዮቹ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ተመሳሳይ ሙከራዎች ተደረጉ። ብዙዎቹ አነስተኛ ስለነበሩ ለየብቻቸው ሲታዩ አያሳምኑም ነበር። ውጤታቸው በአንድነት ተመዝኖ ጥቅሙ ጥርጥር እንደሌለው የታየው ወደ 1990 ገደማ ነው። በመካከሉ መድኃኒቱ እያለ፣ ማስረጃውም እያለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሊድኑ ሲችሉ ሞቱ። በ1993 የተመሠረተው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የክለሳ ድርጅት ከእነዚህ ሙከራዎች የሰባቱን ውጤት የሚያሳዩ መስመሮች በዓርማው ላይ የቀረጸው ይህ እንዳይረሳ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለውም በቀጣዩ ክፍል ነው። የቀደሙት ሙከራዎች በአብዛኛው የተደረጉት የተሟላ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ አርጀንቲና፣ ጓቲማላ፣ ህንድ፣ ኬንያ፣ ፓኪስታንና ዛምቢያ የተሳተፉበትና ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ወሊዶችን ያካተተ ጥናት ይኸው ሕክምና በየማኅበረሰቡ ሲስፋፋ የትንንሾቹን ሕፃናት ሞት እንዳልቀነሰ፣ አጠቃላይ የጨቅላ ሕፃናት ሞትና የእናቶች ኢንፌክሽን ግን እንደጨመረ አሳየ። በ2020 ደግሞ ባንግላዴሽ፣ ህንድ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ፓኪስታን ውስጥ በ29 ሆስፒታሎች የተደረገ የዓለም ጤና ድርጅት ሙከራ ውጤት ታተመ። የእርግዝናው ሳምንት በትክክል ሲታወቅና እንክብካቤው ሲሟላ ዴክሳሜታዞን የተባለው ሌላው ኮርቲኮስቴሮይድ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ከ23.5 በመቶ ወደ 19.6 በመቶ አወረደ። የመድኃኒቱ ዓይነት ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሚሰጥበት ቦታና ሁኔታ ነው።

ይህን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እናምጣው። ያለጊዜዋ ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ አዋላጇ «እህቴ፣ የወር አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ «ለፍልሰታ ጾም መግቢያ ሳይሆን አይቀርም» ይሆናል። አልትራሳውንድ የለም፤ የሚያነበው ባለሙያም የለም። ከዚህ ግምት ተነስታ ጽንሱ ሠላሳ ሳምንት ይሁን ሠላሳ ስድስት መወሰን ያለባት አዋላጇ ናት። «ያለጊዜዋ ለምትወልድ ሁሉ ስጪ» የሚል አንድ መስመር መመሪያ ለዚህች ባለሙያ አይበቃትም። ሳምንቱ እንዴት ይረጋገጥ፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩ በምን ይታወቅ፣ መቼ ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ትላክ የሚለውን ጨምሮ የሚነግራት መመሪያ የሚወጣው ከሁሉም ጥናቶች ክለሳ ነው።

ልማድ ማስረጃን ሊተካ እንደማይችል ደግሞ ከጎረቤቶቻችን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት ከፍተኛ ትኩሳት ኖሯቸው ደማቸው በበቂ ለማይዘዋወር ሕፃናት ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት ምን እንደሚያመጣ መረመረ። ለዓመታት ሕይወት አድን ተብሎ የተለመደ አሠራር ነበር። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ወደ 10.5 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ሆነው ተገኙ።

ያልታተመ ጥናት የሚያስከትለውን ኪሳራም ዓለም አይቷል። የብሪታንያ መንግሥት ለኢንፍሉዌንዛ መጠባበቂያ ታሚፍሉ የተባለውን መድኃኒት ለመግዛት 424 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። ኮክሬን ለዓመታት ተሟግቶ ሙሉ የሙከራ ሰነዶችን ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ክለሳ መድኃኒቱ በአዋቂዎች ላይ የሕመሙን ምልክቶች ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ከማሳጠር አልፎ ሆስፒታል መተኛትን እንደሚቀንስ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ክለሳ ራሱም የሚታመነው የሚሰበስባቸው ጥናቶች ሲታመኑ ነው። በኮቪድ ወቅት አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት የደገፉ ክለሳዎች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021፣ በማጭበርበር ጥርጣሬ ከታተመበት በተነሳ አንድ ጥናት ላይ ተደግፈው ነበር፤ ጥናቱ ከስሌቱ ሲወጣ የታየው ጥቅም ተሸረሸረ።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

ከባዶ አንነሳም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማስረጃን ለፖሊሲ አውጪዎች የማቅረብ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲም በማስረጃ ላይ ለተመሠረተ ሕክምና የቆመ ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎቶች ማዕቀፍ 1,018 አገልግሎቶችን ሲመርጥ የበሽታውን ጫና፣ ወጪ ቆጣቢነትን፣ ፍትሐዊነትንና ቤተሰብን ከድህነት የመጠበቅ አቅምን በመስፈርትነት ተጠቅሟል። ይህ ሊበረታታ የሚገባው ጅምር ነው።

ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነው። ተመራማሪዎቻችን የሚያሳትሟቸው ብዙዎቹ ክለሳዎች አንድ ችግር ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚለኩ ናቸው። «የቱ መፍትሔ ይሠራል?» የሚለውን የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው። ክለሳው ብዙ ጊዜ ለደረጃ ዕድገት ይጻፋል፤ ውሳኔ ሰጪው ግን የሚፈልገውን መልስ ሳያገኝ ይወስናል። ሁለቱን ማገናኘት የዚህ መግለጫ ዋና ዓላማ ነው።

በዚህም መሠረት የሚከተለውን ባለ ሰባት ነጥብ የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

1ኛ. ጤና ሚኒስቴር የሚያወጣቸው ብሔራዊ የሕክምና መመሪያዎች፣ እንዲሁም የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርና የጤና መድን ሽፋን ለውጦች የተመሠረቱበት ስልታዊ ክለሳ አብሮ ተያይዞ ለሕዝብ እንዲወጣ እንጠይቃለን። ክለሳ ከሌለ ለምን እንደሌለ ይጻፍ።

2ኛ. በሌላ አገር የተሠራ ክለሳ ሲወሰድ በእኛ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ባለው የሰው ኃይል፣ መሣሪያና የአቅርቦት ሁኔታ ይሠራ እንደሆነ የሚያስረዳ ሰነድ ይዘጋጅ።

3ኛ. ወረርሽኝ ሲነሳ በሳምንታት የሚጠናቀቅ ፈጣን ክለሳ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የታለፉት ደረጃዎች በግልጽ ይነገሩ፤ ውሳኔውም ዳግም የሚታይበት ቀን ይቀመጥለት።

4ኛ. መመሪያ አዘጋጅ ኮሚቴዎች ውስጥ የሚቀመጡ ሁሉ የጥቅም ግጭታቸውን በጽሑፍ ያሳውቁ። ከመድኃኒት ወይም ከሕክምና መሣሪያ አቅራቢ ጋር የገንዘብ ግንኙነት ያለው ሰው በዚያ ጉዳይ ላይ ድምፅ አይስጥ።

5ኛ. በአገራችን የሚካሄድ ክሊኒካዊ ሙከራ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ይመዝገብ፤ ውጤቱም፣ መልካምም ሆነ መጥፎ፣ በተጠናቀቀ በ12 ወራት ውስጥ ይፋ ይደረግ። ወገኖቻችን ሰውነታቸውን ለሙከራ የሰጡት ውጤቱ በመሳቢያ እንዲቀር አይደለም።

6ኛ. ዩኒቨርሲቲዎች ከጤና ሚኒስቴርና ከክልል ጤና ቢሮዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎችን የሚመልሱ ክለሳዎችን በደረጃ ዕድገት ከፍ አድርገው ይመዝኑ፤ ለተመራማሪዎችና ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችም ሥልጠና ይስጡ።

7ኛ. የክለሳዎች ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በቀላሉ ተጽፎ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለቤተሰቦች ይድረስ።

ክለሳ በራሱ ውሳኔ አይሰጥም። ውስን በጀት ለማን ይቅደም፣ የትኛው ወረዳ ይቀድማል የሚሉት የፍትሕና የእሴት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሕዝቡና ወኪሎቹም ሊወያዩባቸው ይገባል። ለአንድ ሕክምና ማስረጃ አለመገኘቱም አይሠራም ማለት አይደለም፤ ገና በሚገባ አልተጠናም ማለት ነው። እኛ የምንጠይቀው ክርክሩ እውነቱን በያዘ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲደረግ ነው።

ማኅበራችንም ከሌሎች የሚጠይቀውን በራሱ ላይ ይተገብራል። ከእንግዲህ የምናወጣቸው ሙያዊ ምክሮች የቆሙበትን ክለሳና የአዘጋጆቹን የጥቅም ግጭት አብረው ይይዛሉ፤ አባሎቻችንም ክለሳ ለሚያዘጋጁ የመንግሥት ተቋማት ሙያቸውን ያበረክታሉ።

ውሳኔ ሰጪዎች ሆይ፣ በጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርብላችሁ ሰነድ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት «ሌሎቹ ጥናቶችስ ምን ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሙያ ባልደረቦቻችን፣ መመሪያ ሲደርሳችሁ ማስረጃውን ጠይቁ። ማስረጃ መጠየቅ የታካሚዎቻችን መብት፣ የእኛም ግዴታ ነው።