የተበላሸ ፋይል አይጣል

በስልኩ ፎቶግራፍ የሚመለከት ሁሉ ሥዕሉን አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ራሱ ይመስለዋል። ነገር ግን ከሰው ዓይን በፊት ፋይሉን የሚያነብ ሌላ አለ፤ ይኸውም «ላይብረሪ» የሚባለው የፕሮግራም ክፍል ነው። አንዱ ላይብረሪ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ስለሚያገለግል፥ በእርሱ የተገኘ ስሕተት የሁሉም ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ እንዴት ሊፈተን እንደሚገባ አሳቤን ለመግለጽ እወዳለሁ።

ብዙዎች ላይብረሪው ደኅና ሥዕሎችን አሳምሮ ካነበበ ይበቃል ይላሉ። እኔ ግን ይህ የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው እላለሁ። ዘበኛ የሚመሰገነው ወዳጅን በማስገባቱ ብቻ ሳይሆን ሌባን በመመለሱም ነውና።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በጄፔግ ፋይል ውስጥ ማስታወሻ የሚጻፍበት ክፍል አለ። ርዝመቱ በመጀመሪያው ላይ በ2 ባይት ይመዘገባል፤ ቁጥሩም እነዚያን 2 ባይቶች ጭምር ስለሚይዝ ከ2 ሊያንስ አይገባውም። አንባቢው ፕሮግራም 2 ቀንሶ የቀረውን ያነባል። ተንኰለኛ ሰው በ2 ፈንታ 1 ብሎ ቢጽፍስ? ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች መቁጠር የማያውቅ የ32 ቢት ሒሳብ ግን 4,294,967,295 ብሎ ይወስደዋል። ፕሮግራሙ ይህን ያህል ባይት ወደ ጠባብ ሥፍራ ሊገለብጥ ሲነሣ በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፤ ክፉ ሰውም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ሊያዝበት ይችላል።

ይህ ስሕተት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በኔትስኬፕ ላይ ተገኝቶ ታረመ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ያው ዓይነት ስሕተት በማይክሮሶፍት የሥዕል አንባቢ ላይ ታየ። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ክፉ ፋይል አስቀምጦ ሌላውን አንባቢ የፈተነባት ሰው ቢኖር ኖሮ፥ ያ በር ያን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ ባልቆየም ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራምን አንድ ጊዜ የጣለ ፋይል ሁሉ በአንድ ጎተራ ይቀመጥ። ላይብረሪው አንዲት መስመር እንኳ በተለወጠች ቍጥር ኮምፒዩተሩ ራሱ ሁሉንም አንብቦ ውጤቱን ከቀድሞው ጋር ያስተያይ። ለክፉ ፋይል ትክክለኛው መልስ መውደቅ ወይም ዝም ማለት ሳይሆን «ይህ ፋይል ተበላሽቷል» ብሎ በግልጽ መመለስ ነው። ቪለም ፋን ስካይክ የተባለ ሰው ለፒኤንጂ ሥዕሎች ባዘጋጀው የመፈተኛ ስብስብ ውስጥ፥ ከደኅናዎቹ ፋይሎች ጋር ሆነ ተብሎ የተበላሹም ይገኛሉ።

«የታረመ ስሕተት አይመለስም» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ፕሮግራም እንዲፈጥን ተብሎ እንደገና ይጻፋል፤ ጸሐፊዎቹም ይለዋወጣሉ። የቀድሞው ጸሐፊ የተጠነቀቀበትን ምክንያት ለአዲሱ የሚነግረው ያች ፋይል ናት።

«ክፉ ፋይልን መሣሪያ ራሱ ይፈጥረው የለምን?» የሚልም ይኖራል። እውነት ነው። ሚካል ዛለውስኪ የሠራው አሜሪካን ፈዚ ሎፕ የተባለው መሣሪያ በ2014 ዓ.ም. ከአንዲት ቃል ብቻ ተነሥቶ፥ በሙከራ ብዛት የጄፔግ ሥዕሎችን ፈጥሯል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ለዓመታት ሲፈተን በኖረው በዌብፒ ላይብረሪ ውስጥ በ2023 ዓ.ም. ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። የጠቆሙት የአፕል ኩባንያ የደኅንነት ሠራተኞችና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ናቸው። ቀዳዳው ከመታረሙ በፊት አጥቂዎች ተጠቅመውበት ነበር፤ ክሮምና ፋየርፎክስም በችኰላ ታረሙ። ስለዚህ መሣሪያው አዲሱን ይፈልግ፤ ጎተራው የተገኘውን ይጠብቅ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የምትማሩ ጓደኞቼ ሆይ! ሥራችሁን በክፉ ፋይል ሳትፈትኑ «ጨረስኩ» አትበሉ። መምህራኖቻችንም ለፈተናው ከፕሮግራሙ እኩል ማርክ ቢሰጡ ደግ ነው እላለሁ። ወላጆችም የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ በየዕለቱ የምትቀበሉት በዚሁ ሥራ ታምናችሁ ነውና ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።