ያረጁ የአውሮፕላን አካላትን ቀለምና ሙጫ ስለማስለቀቅ የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በደብረ ታቦር፣ በገሳይና በዙሪያቸው ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የምንኖር፣ የቆዩ የብረትና የእንጨት ሥራዎች እንዲጠበቁ የምንተጋ የማኅበር አባላት በጉዳዩ ላይ መክረን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

አካባቢያችን ለብረት ሥራ ታሪክ ባዕድ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው፤ መድፉም በ1860 ዓ.ም. ተራራና ገደል እየተጠረገለት ወደ መቅደላ ተጓዘ። አገራችን ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው ደግሞ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ ነው። በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው አብራሪ በሉድቪግ ዌበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ በረረች። ወራሪው የጣሊያን ጦር ወደ አገሩ ወሰዳት። በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ከቆየች በኋላም ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

የእኛም ሰማይ የዚህ ታሪክ አካል ነው። የጎንደር የጣሊያን ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ አውሮፕላኖች በዚህ ደጋ ላይ ተዋግተዋል። በምሥራቅ አፍሪካ በአየር ውጊያ የተመታው የመጨረሻው የጣሊያን አውሮፕላን፣ ፊያት ሲ.አር. 42፣ በደቡብ አፍሪካ አብራሪ ተመትቶ የወደቀው በጥቅምት 1934 ዓ.ም. በጎንደር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከእርሻ መሬት፣ ከአሮጌ ጎተራ ወይም ከቀጥቃጭ ቤት የአውሮፕላን ስባሪ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም። ሊያሳስበን የሚገባው ስባሪው ከተገኘ በኋላ የሚደርስበት ነው፤ አግኚው ሊያሳምረው ብሎ ይፍቀዋል፣ ወይም ቆራሌው በኪሎ ይገዛውና ቀለሙን በእሳት ያነደዋል።

ቀለሙ የታሪኩ ምስክር ነው። በአንድ የክንፍ ቁራጭ ላይ የፋብሪካው ዝገት መከላከያ ቅብ፣ በላዩ የመጀመሪያው ባለቤት ምልክት፣ ከዚያም የማረከው ወገን ቀለም ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። የቁራጩን ዓይነትና ዕድሜ የሚናገረው ቁጥርም ብዙውን ጊዜ በቅቡ ሥር የታተመ ነው። ከጥንት ብራና ላይ ጽሑፉን ፍቆ «አሁን ጸዳ» የሚል የደብር አገልጋይ የለም፤ የአውሮፕላን ቆዳም እንዲሁ ሊታይ ይገባዋል።

ይሁንና ቀለምና ሙጫ ፈጽሞ አይነካ አንልም። በቅቡ ሥር ዝገት ሲሠራ፣ ኮላው ሞቶ እንጨቱ ሲላቀቅ ወይም አውሮፕላኑ ዳግም እንዲበር ሲታሰብ ማስለቀቅ ግድ ይሆናል። ለበረራ የሚዘጋጅ አካል ስንጥቁ እንዲታይ እስከ ባዶ ብረቱ ድረስ መገለጥ አለበት፤ ለእይታ የሚቀመጥ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። በመሆኑም የሚከተሉትን አቋሞች ወስደናል።

1. ማስለቀቅ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። አስቀድሞ አካሉ ፎቶ ይነሣ፣ ቁጥሩ ይመዝገብ፣ የቅቡ ድርብርብ በማይታይ ጥግ ላይ በጠባቡ ይፈተሽ። ንብርብሩ ሳይመዘገብ የተፋቀ ቀለም በምንም ጥበብ አይመለስም።

2. እሳት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደርና አሸዋ መርጨት ይከልከሉ። ብዙው የዱራሉሚን (የአሉሚኒየም ቅይጥ) ላሜራ በሁለቱም ገጽ በስስ ንጹሕ አሉሚኒየም የተለበጠ ነው፤ ይህ ልባስ ከተፋቀ ውስጡ ለዝገት ይጋለጣል። ከሽቦ ብሩሽ የሚቀረው የብረት ብናኝም ዝገቱን ያፋጥናል። ኮስቲክ ሶዳ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላል፤ ሲበላውም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። አሲድ ደግሞ ጠንካራውን ብረት ሊያሰባብር ይችላል።

3. ሙጫው ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይመረጥ። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተሠራ ኮላ በሞቀ ውኃ ይለሰልሳል። ከወተት የሚሠራው ካዜይን ለአሴቶንም ለቲነርም አይበገርም፤ እርጥበት ግን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል። ዩሪያ ፎርማልዴይድ አንዴ ከደረቀ በፈሳሽ አይሟሟም። ኢፖክሲም አይሟሟም፤ የሚለሰልሰው በተመጠነ ሙቀት ነው። ሸራ ለመወጠር የተቀባው የናይትሬት ዶፕ በአሴቶን ይለቃል፤ ነገር ግን እጅግ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአጠገቡ እሳት አይታሰብም። ሥራው ሁልጊዜ ከለዘብተኛው ይጀመር፤ በለስላሳ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መፋቂያ ታግዞ፣ በትዕግሥት።

4. የሠራተኛው ጤና ከቅርሱ ይቀድማል። አንዳንድ የቀለም ማስለቀቂያዎች የያዙት ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ወለል በ40 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ የሚፈላ ነው፤ እንደ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ በሰውነት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። በደጋው ብርድ በሩን ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ በዚህ ኬሚካል መሥራት ሞትን መጥራት ነው፤ እሳት ሲያገኘው ወደ ፎስጂን መርዝ ይለወጣልና። አረንጓዴ ቢጫው የድሮ ዝገት መከላከያ ካንሰር አምጪ ክሮሜት፣ ቀይ ቅቡ ደግሞ እርሳስ ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ። በጨለማ የሚያበሩ የድሮ ጠቋሚ መሣሪያዎች ላይ ራዲየም ሊኖር ይችላል። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ያህል ስለሆነ ጨረሩ ዛሬም አለ፤ እነዚህ መሣሪያዎች ፈጽሞ እንዳይከፈቱ፣ እንዳይፋቁ።

5. ሕጉ ይከበር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥገና ቅድሚያ ፈቃድ እንዲገኝ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ወዲያው እንዲገለጽ ያዛል። የአውሮፕላን ስባሪ ያገኘ ሰው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ያሳውቅ። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካየ ሳይነካው ይራቅ፣ ለፖሊስ ይንገር።

6. የቆራሌ ንግድ ይህን ይወቅ። ቁጥር፣ ምልክት ወይም የአውሮፕላን ላሜራ የሚመስል አሉሚኒየም ያለው ስባሪ ከመቅለጡ በፊት እንዲታይ፣ ነጋዴውም ኪሳራ ላይ እንዳይወድቅ የሚያደርግ አሠራር የሚመለከታቸው አካላት እንዲዘረጉ እንጠይቃለን።

7. ዕውቀቱ ይቀራረብ። የአውሮፕላን ቀለም በጥንቃቄ ማስለቀቅ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥገና ባለሙያዎች የዕለት ሥራ ነው፤ የቅርስ ዕውቀት ደግሞ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አለ። ሁለቱ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና ከአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ጋር ተገናኝተው ለወጣቶቻችን ሥልጠና እንዲሰጡ እንጠይቃለን።

ማኅበራችን በበኩሉ ለእጁ የሚደርሰውን ማንኛውንም ቁራጭ ሳይፋቅና ሳይታጠብ መዝግቦ ለባለሙያ ያስረክባል፤ ቀጥቃጮችንና ቆራሌዎችንም ሳይወቅስ ያስተምራል። ጋፋት ላይ ብረት ያቀለጡትን ሰዎች ድካም የምናከብር ከሆነ፣ የዚያን ድካም ተከታይ የሆነውን የበረራ ታሪክም ከነቀለሙና ከነሙጫው ልናከብር ይገባል። ይህ የጋራ አቋማችን ነው፤ የሚመለከተው ሁሉ ከጎናችን እንዲቆም በአክብሮት እንጠይቃለን።

ደብረ ታቦር፣ ደቡብ ጎንደር