የአዲስ አበባ–ዋሽንግተን በረራ፦ ርቀቱ አንድ፣ የጉዞ ጊዜው ሁለት

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ በመሄድም ሆነ በመመለስ አይለወጥም፤ የጉዞው ጊዜ ግን ይለያያል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለ ማረፊያ የሚደረገው በረራ 13 ሰዓት ገደማ ሲወስድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው ጉዞ የመካከለኛውን ማረፊያ ጨምሮ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ለዚህ ልዩነት ቀዳሚው ምክንያት ከፍታ ነው። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የክንፉ የማንሣት ኃይልና የሞተሩ ግፊት ይቀንሳል። በመሆኑም አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛ፣ ጭነትና ለረጅሙ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ በአንድነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። በተለያዩ ጊዜያት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ የነዳጅ መሙያ ማረፊያ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። በሎሜ በኩል ሲኬድ መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ በአንጻሩ 100 ሜትር አይሞላም። በከፍተኛው የአየር ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን በረራ ያግዛል፤ የሚሄደውን ይገታል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲገነባ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ በመሆኑ የከፍታውን ጫና ሊያቃልል ይችላል። የነፋሱ ተጽዕኖና የሰዓት ልዩነቱ ግን ባሉበት ይቀጥላሉ።

ተጓዦችን ይበልጥ የሚያሳስተው ትኬቱ ላይ የሚነበበው ሰዓት ነው። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚጻፈው በየከተማው አቆጣጠር ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋዋ 7፣ በክረምቷ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለአብነት ያህል፣ ሰኞ በትኬቱ 22:30፣ ማለትም ከምሽቱ 4:30 ከቦሌ ተነሥቶ 17 ሰዓት የተጓዘ ሰው በአሜሪካ የበጋ ወቅት ማክሰኞ ጠዋት 08:30 ይደርሳል፤ በትኬቱ የሚታየው ልዩነት 10 ሰዓት ብቻ ነው። ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ 13 ሰዓት የሚጓዝ ደግሞ በማግስቱ 07:00 አዲስ አበባ ይገባል፤ ትኬቱ ላይ 20 ሰዓት ይመስላል። አጭሩ ጉዞ ረጅም፣ ረጅሙም አጭር ሆኖ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት ሲሳሳት ተያያዥ በረራ ያመልጣል፤ ለቀብር የሚገሠግሥ ቤተሰብ ይዘገያል፤ የሐኪም ቀጠሮ ያልፋል። ስለሆነም ተጓዦች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የማረፊያውን ብዛትና ጠቅላላ የጉዞ ጊዜውን እንዲጠይቁ ይመከራል። በአንድ የበረራ ቁጥር የሚደረግ ጉዞ ሁሉ ያለ ማረፊያ ነው ማለት አይደለም። በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ያላቸው ደግሞ የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ሊወስኑና መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ ሊይዙ ይገባል። ተቀባይ ቤተሰብም የመድረሻውን ቀንና ሰዓት በደረሱበት ከተማ አቆጣጠር ማረጋገጥ ይኖርበታል።