የልጅ ድስትና የአባት ኪስ



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይና ስለ መንገድ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። እኔ ደግሞ ስለ አንዲት ትንሽ ድስት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ያደግሁ፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር የሆንሁ፤ ኑሮዬም መርካቶ ራጉኤል አካባቢ ነው። ስለ ገንቢ ምግብ ለሌላው ልጅ ሳስተምር እየዋልሁ፤ የገዛ ልጄ ቁመት ከዕድሜው በታች መሆኑን የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት። ልጁ 18 ወሩ ነበር። «ምን ይመገባል?» ብላ ብትጠይቀኝ፤ «እናቱ ታውቃለች» አልኋት። ይህን መልሴን ባስታወስሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኋት። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበርና፤ «በጾም ድስት እንቁላል እንዴት ልሥራ? ዕቃው ይነካካብኛል። ለልጁ የተለየ ድስት ግዛልኝ ብልህ፤ ደመወዝ ሲደርስ አልኸኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያው ወር ከባልደረቦቼ ጋር ለቡናና ለሻይ ያወጣሁት ሲደመር ሁለት ድስት ይገዛ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም ብላ አታስገድድም። ልጄን ያስጾመው የእኔ ቸልተኝነት ነው።

መቀንጨር የሚባለው ጉዳት የሚጀምረው በማሕፀን ነው። ከፅንስ አንሥቶ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት 1000 ቀናት ካለፉ በኋላ የጎደለውን መሙላት እጅግ ያስቸግራል። የሚጎዳውም ቁመት ብቻ ሳይሆን አእምሮም ጭምር ነው። በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት የአገራችን ልጆች ከመቶው 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 37 ወርዶ ተገኘ። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ይህን ጉዳት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል። «ይህ የገጠር ችግር ነው» የሚል የቢሮ ሰው ቢኖር፤ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባም ከመቶው 15 ያህሉ እንደዚሁ እንደነበሩ ይወቅ።

ታዲያ አባት ምን ያድርግ? ዶሮ ሲሠራ ፈረሰኛው የእኛ ነው። ነፍሰ ጡሯ ሚስታችን ግን ከሁሉ በኋላ ትበላለች። ይህ ይለወጥ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎው ወፈር ብሎ እንቁላል፤ ወተት፤ ባቄላ ወይም ጎመን ይጨመርበት። ተቅማጥ የበላውን ሁሉ ያባክናልና፤ የልጁ ውኃና ዕቃ ንጹሕ ይሁን። ደመወዝ ትንሽ፤ እንቁላልም ውድ መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን እህል በረንዳ ወርዶ ሽምብራና ምስር መሸመት፤ ልጁንም አቅፎ ለሚዛን መውሰድ ከአቅማችን በላይ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ፈቃድ ሲደነግግ የተደሰትን ብዙ ነን። ከእነዚያ ቀናት ስንቱን ከአራስ ቤት እንዳሳለፍን ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ድስቷን ገዝቻለሁ። ልጄ ዛሬ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ክብደቱ ጨምሯል፤ ቁመቱ ግን ገና ከእኩዮቹ አልደረሰም። እኔ የዘገየሁትን ያህል ሌላው አባት እንዳይዘገይ በማለት ይህን ጻፍሁ።

አንድ መምህር
ከራጉኤል፤ አዲስ አበባ